አረፋው በዝቶ ጋዙ ያነሰ ቢራ

በቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ከጠርሙስ ወደ በርሚል ሲሸጋገር መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ነገር፣ ከብርጭቆው ግማሹን አረፋ የያዘው ቢራ ሲቀመስ ጋዝ የሌለው ሆኖ መገኘቱ ነው። ዓይን የሚያየውና ምላስ የሚነግረው አይገጥምም። አረፋውን ያየ ሰው ጋዙ የበዛ ስለሚመስለው እጁን ወደ ሬጉሌተሩ (ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ጋዝ ግፊት ወደሚቆጣጠረው ዕቃ) ይሰድና ግፊቱን ይቀንሳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፋው ብሶበት፣ ቢራውም ይበልጥ ተንፍሶ ያገኘዋል። እኔ የምኖረው በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በኦሮራ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ካቆምኩት አሮጌ ፍሪጅ በሁለት ቧንቧ ቢራ እቀዳለሁ። በዚህ አካባቢ ያለነው ሐበሾች ቁጥራችን ቀላል ስላልሆነ፣ መጥመቅ የጀመሩ ልጆች አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ብቅሉ ወይም ስለ እርሾው አይደለም፤ ስለ ጋዙ ነው።

በቅርቡ ከደወሉልኝ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ድራፍቱ አረፋ ብቻ ሆነብኝ» አለኝ። ግፊቱን ስንት ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) ላይ እንዳደረገው ጠየቅሁት። «መጀመሪያ 12 ላይ ነበር፤ አረፋው ሲበዛ ወደ 8 አወረድኩት፤ አሁን 5 ላይ ነው።» ሲጠጣስ እንዴት ነው ብለው፣ «እሱማ ውሃ ውሃ ይላል» ብሎ ሳቀ። ልጁ ሳያውቀው የችግሩን ምንጭ ራሱ ነግሮኛል፤ ሆኖም ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ማስረዳት ከአንድ የስልክ ወሬ በላይ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ያን ዕለት በችኮላ ያልኩትን እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ሬጉሌተሩ ላይ ያለው የጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ መርፌ ስለ ቢራው በቀጥታ ምንም የማይናገር መሆኑ ነው። መርፌው የሚያሳየው በበርሚሉ ውስጥ ከቢራው በላይ ባለው ክፍት ቦታ የታመቀውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ጋዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ የሚስማሙት ከብዙ ቀናት በኋላ ነው። ከላይ ያለው ግፊት ቢራው ከያዘው የሚበልጥ ከሆነ ጋዙ ቀስ እያለ ወደ ቢራው ይገባል፤ የሚያንስ ከሆነ ቢራው የያዘውን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ሚዛኑ ላይ ሲደርስ መግባቱም መውጣቱም እኩል ይሆናል። ስለዚህ ጌጁ ዛሬ 12 ቢል፣ ቢራው ዛሬ ያን ያህል ጋዝ አለው ማለት አይደለም፤ ሙቀቱም ግፊቱም ሳይነካ ቢቆይ የሚደርስበትን ነው የሚነግረን። ቢራቸው አልስተካከል ያላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህን የወደፊት ቁጥር የዛሬ አድርገው እያነበቡ ዕለት በዕለት ሲያስተካክሉት የሚውሉ ናቸው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1767 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ከአንድ ጠመቃ ቤት አጠገብ ይኖር ነበር፤ ከሚብላላው ቢራ በላይ የሚንሳፈፈው ከባድ ጋዝ ትኩረቱን ስቦት፣ ውሃ እዚያ ላይ ይዞ በማቆየት ውሃው ጋዙን እንደሚጠጣ አየ። ዛሬ ጋዝ ያለው ውሃ የምንለው የፋብሪካ መጠጥ አንዱ መነሻ ይህ ነው፤ ምንጩ ግን የቢራ ጋን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1803 ደግሞ የማንችስተሩ ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ፣ በአንድ የሙቀት መጠን በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ከፈሳሹ በላይ ካለው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር በቀጥታ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ በልኬት አሳየ። የቤት ጠማቂዎች ፍሪጃቸው ላይ የሚለጥፉት የሙቀትና የግፊት ሠንጠረዥ የዚህ ሕግ ዝርዝር ነው።

ሠንጠረዡ የጋዙን መጠን የሚለካው በቮልዩም ነው። አንድ ሊትር ቢራ 2.5 ቮልዩም አለው ሲባል፣ ውስጡ የሟሟው ጋዝ በሙሉ ወጥቶ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ጠለል ግፊት ቢሰፈር 2.5 ሊትር ይሆናል ማለት ነው፤ በክብደት ወደ 4.9 ግራም ይጠጋል። የአሜሪካ ኤሎችና አብዛኞቹ ላገሮች (ሁለቱ ዋና የቢራ ዓይነቶች ናቸው) ከ2.2 እስከ 2.7 ባለው ውስጥ ይውላሉ። የእንግሊዞቹ የካስክ ቢራ (ከሲሊንደር ጋዝ ሳይገባበት ከበርሚሉ የሚቀዳው) ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ የጀርመኖቹ የስንዴ ቢራ ደግሞ ከ3.3 በላይ ይወጣል። ሙቀቱ በዚህ ላይ ያለው ሥልጣን ከሚገመተው በላይ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ 12 ፒኤስአይ ላይ የተተወ ቢራ በ3.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 2.6 ቮልዩም ይደርሳል፤ ያው በርሚል በ10 ዲግሪ ቢቆም ከ2.1 አያልፍም። መርፌው ንቅንቅ ሳይል ቢራው አምስተኛውን ያህል ጋዙን ያጣል ማለት ነው። የፍሪጅን ሙቀት የሚያነቡ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚያነቡት የአየሩን ነው፤ አየሩ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ቢራው ግን ከባድ ስለሆነ በዝግታ ነው የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም። ቴርሞሜትሩን ከበርሚሉ ጎን በፕላስተር ለጥፎ በጨርቅ መሸፈን፣ ወይም ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ ከእውነተኛው ጋር ያገናኛል።

ቢራው ከባዶ እንደማይጀምርም ማወቅ ይጠቅማል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ወደ አየር ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን ይቀራል። በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት ተብላልቶ ያበቃ ቢራ ወደ 0.84 ቮልዩም ይይዛል። ጠላ ስንጠጣ ምላስ ላይ የምትሰማው ቀጭን ንዝረትም ከዚሁ ቅሪት የምትመጣ ናት፤ ማንም ግፊት አልጨመረባትም፤ ጋኑም ግፊት የሚይዝ ዕቃ አይደለም። ለቢራ ግን ይህ አይበቃም፤ የቀረውን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር እንሰጠዋለን።

አሁን ወደዚህ አገር ልዩ ጉዳይ ልግባ፤ ደዋዩን ልጅ መጀመሪያ ያሳሳተው ይኸው ነውና። በየመጽሐፉና በየዕቃ ማሸጊያው ላይ የሚታተሙት ሠንጠረዦች የተዘጋጁት ለባሕር ጠለል ነው። ዴንቨር ግን 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኦሮራ ደግሞ ከእሷ ትንሽ ከፍ ትላለች። ጌጁ የሚለካው በበርሚሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በስንት እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ ቢራው ግን የሚያውቀው አጠቃላዩን፣ ማለትም የጌጁንና የአየሩን ድምር ነው። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ስለሆነ፣ 12 ሲደመርበት 26.7 ይሆናል። እኛ ጋ አየሩ ወደ 12 ብቻ ስለሚመዝን ድምሩ 24 ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ 2.6 ቮልዩም የሚለው ያ ቢራ እዚህ 2.3 ላይ ይቆማል፤ ዓመት ቢቀመጥም አይጨምርም። የጎደለውን ለመሙላት ጌጁን ወደ 14.6 ገደማ ማድረስ ያስፈልጋል። ጠማቂዎች በየ2,000 ጫማ ከፍታ አንድ ፒኤስአይ ጨምር የሚሉት የጣት ስሌት ከዚህ ጋር ይስማማል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። 2,355 ሜትር ላይ አየሩ 11 ፒኤስአይ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያው 12 ላይ የተተወ በርሚል 2.2 ቮልዩም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሠንጠረዡ የተሠራለትን ያህል ለማግኘት ከ3.5 በላይ መጨመር ይፈልጋል። ከመብላላት የሚቀረው ጋዝም ቢሆን በ20 ዲግሪ ከ0.84 ወደ 0.63 ይወርዳል። አገር ቤት የቤት ቢራ ለመሞከር የሚያስቡ ሰዎች ዕቃውን ከውጭ ሲያስመጡ መመሪያውንም አብረው እንደሚያስመጡ አይቻለሁ፤ መመሪያው ግን የተጻፈው ለሌላ ሰማይ ነው።

ከፍታው የሚያስከትለው ሌላ ጣጣም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። 2.6 ቮልዩም የያዘ ቢራ በባሕር ዳርቻም በኦሮራም በውስጡ የሚገፋው ኃይል አንድ ነው፤ ነገር ግን ከቧንቧው ሲወጣ የሚገናኘው አየር እዚህ የሳሳ ነው። በባሕር ዳርቻ ከ26.7 ወደ 14.7 የሚወርደው ቢራ፣ እዚህ ከ26.7 ወደ 12 ይወርዳል። ውድቀቱ ትልቅ ስለሆነ ጋዙ ለመውጣት ይበልጥ ይቸኩላል። ስለዚህ የከፍታ ሰው በአንድ በኩል ጌጁን ከፍ ማድረግ፣ በሌላ በኩል ደግሞ አቀዳዱን ይበልጥ ማዘግየት ይገደዳል፤ ሁለቱ የሚቃረኑ ቢመስሉም አይቃረኑም።

አቀዳዱ የሚዘገየው በቱቦው ነው፤ የደዋዩ ልጅም ጉድ ያለው እዚያ ነበር። ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ ፍሪጁን ስከፍት፣ ከበርሚሉ ወደ ቧንቧው የሚሄደው ቱቦ ከዕቃው ጋር የመጣው ባለ 1.5 ሜትሩ ሆኖ አገኘሁት። ቱቦው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ በባትሪ ሲታይ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር፤ ከበርሚሉ አጠገብ ቢራው ጥርት ብሎ ቆሟል፤ ቱቦው ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ግን የጣት ርዝመት ያለው ባዶ የጋዝ ኪስ ተኝቷል፤ ከእሱም በላይ ሌላ አጠር ያለ አለ። ቧንቧውን ስንከፍት ያ ኪስ ቀድሞ ተፋ፤ ቢራውን እያንፏቀቀ ብርጭቆው ውስጥ አረጨው፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ቢራ ራሱ በአጭሩ ቱቦ ውስጥ ያለ ልክ እየሮጠ ስለመጣ ከብርጭቆው ጋር ተጋጭቶ የቀረ ጋዙን በአረፋ መልክ በተነው።

የጋዝ ኪሱ የመጣው ከየት ነው? ቢራው በ12 ላይ ለሳምንታት ቆይቶ ያን ያህል ጋዝ ጠጥቷል። ግፊቱ ወደ 5 ሲወርድ፣ ከሚዛኑ በላይ የያዘውን ጋዝ መልቀቅ ጀመረ፤ በርሚሉ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ይወጣል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ግን መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል። በየቀኑ የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ይሆናል፤ በየቀኑም ቢራው ይተነፍሳል። ልጁ አረፋውን እያየ ግፊቱን በቀነሰ ቁጥር፣ አረፋውን የሚፈጥረውን ምክንያት እያባባሰ፣ የሚጠጣውን ጋዝ ደግሞ እያሳነሰ ሄደ። ብርጭቆው ላይ የተቆለለው አረፋ ከቢራው የጠፋው ጋዝ ነው፤ ሁለት ጊዜ አይገኝም።

መድኃኒቱ ግፊቱን ወደሚገባው ቦታ መመለስና ቱቦውን ማስረዘም ነው። ውስጡ 4.8 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው የቢራ ቱቦ፣ በባሕር ጠለል በ12 ፒኤስአይ ለሚቀዳ ቢራ ወደ 3 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ እኛ ጋ 14.6 ላይ ስለምንቀዳ ወደ 3.6 ሜትር አድርሰነዋል። በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው ሰበቃ ግፊቱን በመንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ቢራው ቧንቧው አፍ ላይ ሲደርስ የሚገፋው ኃይል ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ቧንቧው ከበርሚሉ ከፍ ብሎ ከተተከለ ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ በየአንድ ጫማው ግማሽ ፒኤስአይ ገደማ ነው። በቅርብ ዓመታት የተለመደው ውስጡ 4 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ጠበብ ስለሚል በጣም ባጠረ ርዝመት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ያላቸው ቧንቧዎችም አሉ። እኔ ግን ረጅሙን ቱቦ እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ቢበዛ ቢራው ትንሽ ቀስ ብሎ ይቀዳል፤ አጭር ሆኖ ሲገኝ ግን የሚደረግለት ነገር የለም። ልጁ ቱቦውን አዙሮ በርሚሉ ላይ ጠቅልሎ አስቀመጠው፤ ይህም ጥሩ ነው፤ ቱቦው እንደ ቢራው መቀዝቀዝ አለበት፤ ከፍሪጁ ውጭ፣ ቧንቧው በሚተከልበት ማማ (ቋሚ ምሰሶ) ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ትንሽ ማራገቢያ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ላይ ቢነፋለት የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ አይሆንም። ቧንቧውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነው የሚከፍቱት፤ አረፋ የፈራ ሰው በግማሽ ሲከፍት ጠባቡ ቀዳዳ ራሱ አረፋ ፋብሪካ ይሆንበታል።

ቢራው ግን ቱቦው በተቀየረ ቀን አልተመለሰም፤ የተነፈሰውን ጋዝ እንደገና መጠጣት ነበረበት። እዚህ ላይ ነው ጠማቂዎች ለሁለት የሚከፈሉት። አንዱ ወገን ግፊቱን በሚቀዳበት ልክ አድርጎ፣ ቢራው ቀዝቅዞ እያለ ከ10 እስከ 14 ቀን ይተወዋል። ሌላው ወገን 30 ፒኤስአይ ላይ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ቀን ተኩል ያቆይና ወደ ተለመደው ይመልሳል። ሦስተኛም አለ፤ በርሚሉን አጋድሞ ጋዙ እየገባ ያንከባልለዋል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥም ጋዝ ያለው ቢራ ያገኛል። እኔ ይህን የመጨረሻውን አልወደውም። ምን ያህል እንደገባ የሚነግር መለኪያ የለም፤ በርሚሉ ሥር የተኛውን እርሾ ይቀሰቅሰዋል፤ ከልክ ያለፈ ከሆነ ደግሞ መመለሱ ከማስገባቱ ይከብዳል። ሁለተኛውን ድግስ ሲደርስ እጠቀምበታለሁ። ከሁሉ ግን በመጀመሪያው መንገድ የተሠራ ቢራ፣ ሚዛኑ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚደርስና ከዚያ በላይ መሄድ ስለማይችል፣ ሰው ቢረሳውም አይበላሽም። ሠንጠረዡን አንዴ በትክክል ያነበበ ሰው ሬጉሌተሩን ድጋሚ የሚነካበት ምክንያት የለውም።

ጋዙ ከልክ አልፎ የገባበት በርሚል ሲገጥም፣ የጋዙን መስመር ነቅሎ ክዳኑ ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ቀለበት መሳብ፣ ለጥቂት ሰዓታት መተው፣ እንደገና መሳብ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። በየመሐሉ ሲቀመስ ልኩ ይታወቃል፤ ከዚያ ግፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለ በርሚሉም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ጋዝ የሚጠፋበት ሌላው መንገድ በእሱ በኩል ነው። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው 19 ሊትር የሚይዘው፣ ኮርኒ የሚባለው የማይዝግ ብረት በርሚል ከለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች የመጣ ነው፤ ፔፕሲና ኮካ ኮላ ሲሮፓቸውን ለየምግብ ቤቱ ያደርሱበት ነበር፤ የሁለቱ አገጣጠም ይለያያል፤ ዛሬም የፔፕሲውን አይነት መግጠሚያ ለኮካው በርሚል የገዛ ሰው አይገጥምለትም። ድርጅቶቹ ሲሮፑን ካርቶን ውስጥ ባለ ከረጢት ማቅረብ ሲጀምሩ በርሚሎቹ በርካሽ ለቤት ጠማቂዎች ተሸጡ። ጊዜውም ተመቻችቶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ፣ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ቢራ ለራሱ ያለ ግብር እንዲጠምቅ ፈቀደ፤ በዚያው ዓመትም የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በቦልደር ከተማ ተመሠረተ። እኛ ወደዚህ አገር ስንመጣ ዕቃውም ልማዱም ተዘጋጅቶ ጠበቀን ማለት ነው።

የእነዚህ በርሚሎች ክዳን በውስጥ ግፊት ካልተጫነ በደንብ አይዘጋም። ቢራ ሞልተው ክዳኑን ከገጠሙ በኋላ መጀመሪያ 30 ፒኤስአይ ላይ አድርገው «ድም» ብሎ ሲቀመጥ እስኪሰሙ መስጠት፣ ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይገባል። የክዳኑ ጎሚኒ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ፣ በ5 ፒኤስአይ ያፈስና በ30 ያቆማል፤ ይህ ነው ብዙውን ሰው የሚያታልለው። ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት በስሱ ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በመርጫ ክዳኑ ዙሪያ፣ የጋዙና የቢራው መግጠሚያ ላይ፣ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኘው ነት ላይ ይረጫል፤ የሚያስተነፍስ ቦታ ካለ ትናንሽ አረፋዎች እየተነፉ ይወጣሉ። በሲሊንደሩና በሬጉሌተሩ መካከል ያለችው ትንሿ ናይለን ዋሸር ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር አዲስ ማድረግ ጥሩ ነው። ማታ ሲሊንደሩን ዘግተው ጠዋት የጌጁ መርፌ ወርዶ ካገኙት፣ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ነገር ግን አዲስ የሞላ በርሚል ጋዝ እየጠጣ ስለሆነ መርፌው በራሱ ስለሚወርድ፣ ፈተናው ጋዙን በጨረሰ በርሚል ወይም በርሚሉን ነቅሎ መሆን አለበት።

ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደቀረው በጌጅ አይታወቅም። በውስጡ ያለው ጋዝ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ብቻ ነው፤ በ20 ዲግሪ ወደ 830 ፒኤስአይ፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ወደ 550 ያሳያል፤ ሙሉም ሆነ ሩብ የቀረው ያው ነው። መርፌው መውረድ ሲጀምር ፈሳሹ አልቋል፤ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የባዶው ሲሊንደር ክብደት አንገቱ ላይ ተመትቶ ስለሚገኝ ቀንሶ ማወቅ ይቻላል። በኔ ስሌት አንድ 19 ሊትር በርሚል፣ ወደ ቢራው የሚገባውም ቢራውን የሚገፋውም ተደምሮ፣ 135 ግራም ገደማ ይወስዳል፤ 2.27 ኪሎ የሚይዘው ትንሹ ሲሊንደር በወረቀት ላይ 16 በርሚል ይበቃዋል። በርሚል ሲጠርግና ቱቦ ሲታጠብ የሚባክነው ስላለ ከዚያ ያነሰ ነው የሚገኘው፤ ነገር ግን አንድ ሲሊንደር ሁለት ሦስት በርሚል ላይ ካለቀ የሚያፈስ ነገር መኖሩ አያጠራጥርም።

መፍሰሱ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ አፓርታማ ውስጥ ለሚጠምቁ ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ። ከአንድ ትንሽ ሲሊንደር የሚወጣው ጋዝ ከ1,200 ሊትር በላይ ነው፤ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ የተዘጋ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ የአየሩን ከ5 በመቶ በላይ ይይዛል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ የሚለው ደረጃ 4 በመቶ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሽታ የለውም። ሲሊንደር መኝታ ክፍል ውስጥ ወይም መስኮት በሌለው ምድር ቤት አይቀመጥም፤ ግድ ከሆነም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይገዛል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማስጠንቀቂያ ለዚህ አይሠራም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ አሉ።

አንድ ሬጉሌተር ለሁለት በርሚል የሚያካፍል ሰው ሁለቱንም በአንድ ልክ ለመጠጣት ይገደዳል፤ ለኔ ይህ ብዙም አይከብደኝም፤ ፔል ኤልና ላገር በ2.5 አካባቢ ተስማምተው ይኖራሉ። የሚያስቸግረው የስንዴ ቢራ ነው። 3.5 ቮልዩም ለማድረስ በ3.3 ዲግሪ እዚህ ከፍታ ላይ 24 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ግፊት የሚሆን ቱቦ ወደ 6 ሜትር ይደርሳል፤ ሁለተኛ ሬጉሌተርም መግዛት ግድ ነው። በዓመት አንዴ ለሚጠመቅ ቢራ ያን ሁሉ ፍሪጁ ውስጥ መጠቅለል አልታየኝም፤ ስለዚህ የስንዴውን ቢራ አሁንም ስኳር ለክቼ ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ነው የምዘጋው።